ከቀለሙ ይልቅ አፈሙዙ

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥርሷን ነው። የጸጉሯ ማማርም ሆነ የኮርቻው ጌጥ ዕድሜዋን አይናገርም። ያገለገለ የዒላማ ሽጉጥ የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ሻጩ ወልውሎ ሊያሳምረው የማይችለውን ቦታ ማየት አለበት።

የዒላማ ሽጉጥ ለውድድር የተሠራ እንጂ ወገብ ላይ የሚታጠቁት አይደለም። አፈሙዙ ረዘም ያለና ከባድ ነው፤ ማነጣጠሪያው በብሎን ይስተካከላል፤ ምላጩ በትንሽ ኃይል፣ ሳይጎተትና ሳይንቀጠቀጥ ይለቃል። በአሜሪካ በተለመደው ውድድር ተኳሹ አንድ እጁን ዘርግቶ በ25 እና በ50 ያርድ ርቀት ይተኩሳል። በሦስት ዓይነት ሽጉጥ በጠቅላላው 270 ጥይት የሚተኮስ ሲሆን ሙሉ ነጥቡ 2,700 ነው።

ለምሳሌ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 41ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ የቀረበ የነጥብ 22 ካሊበር ሽጉጥ ሲሆን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ለመርማሪ የሚያመቸው አፈሙዙ ያለ ካቻቢቴ መውጣቱ ነው። ተንሸራታቹ ክፍል ወደ ኋላ ተስቦ ከተቆለፈ በኋላ የምላጩ ከለላ ወደ ታች ሲሳብ አፈሙዙ ተነስቶ ይወጣል። የፊቱም የኋላውም ማነጣጠሪያ በዚሁ በአፈሙዙ አካል ላይ ስለተተከሉ አብረውት ይነሳሉ። ስለዚህ አፈሙዙ ደህና ከሆነ የሽጉጡ ዋና ሀብት ደህና ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ካዝናው ይውጣ፤ ጥይት የሚጎርስበት ጎሬም በዓይንና በጣት ይታይ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልም ይህ አይታለፍም።

ቀጥሎ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንቶ ከኋላ በኩል ወደ ውስጥ ማየት ነው። ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ጠርዛቸው የተሳለ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። እዚህም እዚያም የተነጠበ ጉድጓድ ከታየ ዝገት የበላው ነው፤ የእርሳስ ቅሪት ግን በመጥረግ ስለሚለቅ ሊያስደነግጥ አይገባም። እጅግ የሚያስፈራው ጥቁር ቀለበት የመሰለ ጥላ ነው። አንድ ጥይት መሐል ላይ ተቀርቅሮ ሳለ ሌላ ከኋላው ሲተኮስበት ብረቱ ወደ ውጭ ያብጣል፤ ጥላው የዚያ ምልክት ነው። ይህን የሚጠግን ባለሙያ የለም፤ አፈሙዙን መለወጥ ብቻ ነው ያለው። የአፈሙዙን ጫፍ ደግሞ በማጉያ መነጽር ማየት ይበጃል። ጥይቱ በመጨረሻ የሚለየው ብረት ያ ነውና፣ ጠርዙ በአንድ በኩል ከተጫረ ወይም የመጥረጊያው ዘንግ በመመላለስ ከሞረደው ጥይቱ ዘንበል ብሎ ይወጣል።

ነጥብ 22 ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቅመም በቀለሁ ከንፈር ዙሪያ ስለሆነ መርፌው የሚመታው መሐሉን ሳይሆን ጠርዙን ነው። ሽጉጡ ባዶውን ደጋግሞ ሲተኮስ መርፌው በጎሬው ጠርዝ ላይ ሊያርፍና ብረቱን ወደ ውስጥ ሊያሳብጠው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ጥይት ሲጎርስ ይቸገራል፤ ቀለሁም አልወጣ ይላል። ባለሙያ ጠርዙን መልሶ ሊያስተካክለው ይችላል፤ በዋጋው ላይ ግን መታሰብ አለበት። በዚሁ ምክንያት ገዢውም ምላጩን ሲሞክር የልምምድ የፕላስቲክ ጥይት ያስገባ እንጂ ባዶውን አይተኩስ።

ምላጩ የቀድሞው ባለቤት እጅ አብዝቶ የሚገባበት ቦታ ነው። አለስልሳለሁ ብሎ የመዶሻውን መያዣ ጥርስ የሞረደ ሰው ሽጉጡን አደገኛ አድርጎታል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ መጠበቂያው ተዘግቶ ምላጩ ይሳብ፣ ይለቀቅ፤ ከዚያ መጠበቂያው ይከፈት። በዚህ ጊዜ መዶሻው ከወደቀ ሽጉጡን መመለስ ነው። ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ክብደትም ይለካል። በዓለም አቀፉ የ25 ሜትር ውድድር ምላጩ ቢያንስ 1,000 ግራም መቻል አለበት፤ ዳኛው አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንቶ ክብደቱን ምላጩ ላይ አንጠልጥሎ ያነሳዋል። ካልቻለ ሽጉጡ ውድድር አይገባም። የብሎኖቹ ራስ በካቻቢቴ ተጭሮ ከታየም ውስጡን ያልሠለጠነ እጅ እንደከፈተው ጠርጥሩ።

እጀታው ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው መዳፍ የተቀረጸ ስለሆነ ለግራኝ ወይስ ለቀኝ እንደሆነ መጠየቅ አይረሳ። ሃንጋሪያዊው ተኳሽ ካሮሊ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ካበላሸበት በኋላ በግራው ተለማምዶ በ1948 ለንደን፣ በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ላይ የፈጣን ተኩስ ወርቅ ወስዷል። እንዲህ ላለ ተኳሽ ለቀኝ እጅ የተቀረጸ እጀታ አይሆነውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚፈርደው የተኩስ ሜዳው ነው። በመጀመሪያው ዙር ካዝናው ውስጥ ሁለት ጥይት ብቻ ይግባ፤ ምላጩ ከተበላሸ በአንድ ስበት ሁለቱም ይወጣሉና። ከዚያ ሽጉጡ ከረጢት ላይ ተደግፎ አሥር ጥይት ይተኮስ። ቀዳዳዎቹ ከተሰበሰቡ፣ ዳር ላይም ቢሆኑ ማነጣጠሪያው ያስተካክላቸዋል፤ ከተበተኑ ግን ወደ አፈሙዙ መመለስ ነው። የደከመ ሞላና የተጣመመ ካዝና በትንሽ ወጪ ስለሚለወጡ ብቻቸውን ግዢ አያስቀሩም።

አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼ አንድ ነገር ላክል። ከሌላ ግዛት ሰው የሚገዛ ሽጉጥ በገዢው ግዛት በሚገኝ፣ የፌዴራል ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት፤ ነጋዴው ሽጉጥ የሚሸጠው 21 ዓመት ለሞላው ነው። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መሣሪያ መግዛትም መያዝም አይፈቀድለትም። ተከታታይ ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ካያችሁ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አትግዙት፤ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው።