ስለ ጎረቤት ውሻና ስለ አጥር

ውሻ ከጥንት ዠምሮ የሰው ባልንጀራና የቤት ዘበኛ ኾኖ የሚኖር እንስሳ ነው። በባላገር ጅብና ሌባ በሌሊት ሲመጣ ጌታውን የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፥ የሚያበላውን ሰው ቤት መጠበቁ የተፈጥሮው ሥራ ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ነገር ግን ለባለቤቱ ዘበኛ የኾነው ውሻ ለጎረቤቱና ለመንገደኛው፥ ይልቁንም ወደ ትምህርት ቤት ለሚመላለሰው ሕፃን፥ ብዙ ጊዜ አስፈሪ ጠላት ይኾናል። ውሻውን ፈርቶ በሩቅ የሚዞር፥ ጥቂት ቀንም ታግሦ ፈጽሞ ከትምህርት የሚቀር ልጅ አለ። መምህሩም ነገሩን ሳይመረምር በስንፍና የቀረ መስሎት ይቈጣዋል።

በኢትዮጵያ እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲመጣ ከደጅ ቁሞ «ውሻ ያዙ!» ብሎ ይጣራል፤ ባለቤቱም ወጥቶ ውሻውን ይዞ እንግዳውን ያስገባል። ይህ ልማድ ቀላል ቢመስልም ሕግ አለበት፤ ውሻውን መያዝ የባለቤቱ ዕዳ እንጂ ከውሻው መሸሽ የእንግዳው ዕዳ አለመኾኑን ያስረዳል። ይኹን እንጂ ሕፃኑ በማለዳ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ባለቤቱ ከእርሻው ላይ ነው፤ ቢጣራም የሚሰማው የለም። ስለዚህ በባለቤቱ ፈንታ ውሻውን የሚይዝ ገመድ ወይም አጥር ያስፈልጋል።

አጥር ሲባል ግን ኹሉም አንድ አይደለም። በአሜሪካ በዓይን የማይታይ የውሻ አጥር አለ፤ ዘመዶቻቸው በዚያ አገር የሚኖሩ ሰዎች ወሬውን ሰምተው ሊደነቁበት ስለሚችሉ አሠራሩን መግለጥ ይገባል። በግቢው ዙሪያ ጥልቀት በሌለው ቦይ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይቀበራል፤ የሽቦውም ጫፍ በቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ ትንሽ ሣጥን ጋራ ይያያዛል። ሣጥኑ በሽቦው የራዲዮ ምልክት ይልካል። በውሻው አንገት ላይ ደግሞ ባትሪ ያለው ማሰሪያ ይታሰራል፤ ውሻው ወደ ሽቦው ሲቀርብ ማሰሪያው ምልክቱን ተቀብሎ በመጀመሪያ ድምፅ ያሰማል፥ ውሻው ካልተመለሰ ግን በኹለት የብረት ጫፎች አንገቱን በኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ወሰኑንም እንዲያውቅ በሽቦው መሥመር ላይ ትንንሽ ባንዲራዎች ተተክለው ብዙ ቀን ይለማመዳል።

ይህ ብልሃት ውሻውን ከመኪና መንገድ ለማራቅ ይረዳ ይኾናል፤ መንገደኛን ለመጠበቅ ግን ደካማ ነው። ባትሪው ካለቀ፥ መብራት ከጠፋ፥ ወይም ሽቦው በአካፋ ከተቈረጠ አጥሩ የለም፤ አለመኖሩንም መንገደኛው የሚያውቅበት ምልክት የለውም። ድመት ወይም ሌላ ውሻ አይቶ የጋለ ውሻ ሕመሙን ችሎ ያልፋል፤ ካለፈ በኋላም መልሶ እንዳይነዝረው ፈርቶ በውጭ ይቀራል። ማሰሪያ የሌለውን የሌላ ሰው ውሻ ወይም ወደ ግቢው የሚገባውን ሕፃን አይከለክልም። ከዚህ ኹሉ የሚከፋው ግን፥ የእንስሳትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስጠነቅቁት፥ ውሻው መንገደኛ ባየ ቊጥር ወደ ወሰኑ እየሮጠ ሲነዘር ሕመሙ ከመንገደኛው የመጣ መስሎት ጠላትነቱ ሊበረታ መቻሉ ነው። ጎረቤትም ውሻው እየጮኸ ሲንደረደርበት በመካከላቸው አጥር ይኑር አይኑር በዓይኑ ሊያረጋግጥ አይችልም። አጥር ለውሻው ብቻ ሳይኾን ለሚያልፈውም ሰው ሊታይ ይገባዋል።

እንዲህ ያለ ሽቦ በባላገር አይገኝም፤ እንደዚያው ያለ ባዶ መተማመኛ ግን አለ። የእሾህ አጥር ጅብን እንዲመልስ ኾኖ ሲታጠር በሥሩ ውሻ የሚሾልክበት ቀዳዳ ይቀራል። ሌላውም ባለቤት ውሻዬ ታስሯል ይላል፤ ገመዱ ግን ረዝሞ እስከ መንገዱ ይደርሳል፥ ወይም በስብሶ ሊበጠስ የቀረው ጥቂት ነው። ገመዱን ከችካሉ ዠምሮ መለካት የጥቂት ጊዜ ሥራ ነው። የታሰረውም ውሻ ጥላና ውሃ ሊኖረው፥ በየቀኑም ተፈትቶ ሊንቀሳቀስ ይገባል፤ ዘወትር የሚታሰር ውሻ እየከፋ ይሄዳልና።

ለባለቤቱ ውሻህ ክፉ ነው ብሎ መናገር ብዙ ጊዜ ጠብ ያመጣል፤ ውሻው ሲሰደብ ራሱ የተሰደበ ይመስለዋል። ሽማግሌዎች ልጆቹ የሚያልፉበትን ሰዓት ነግረው በዚያን ጊዜ ውሻው እንዲታሰር ቢለምኑ ግን ነገሩ ይቀልላል። በስውር መርዝ ማብላት የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ መርዙ የሌላውን እንስሳ ይገድላል፥ በሕፃን እጅም ሊገባ ይችላል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ስለ ወጊ በሬ በተሠራው ሥርዐት፥ በሬው ወጊ መኾኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው በቀረ ባለቤት ላይ የሚወድቀው ፍርድ፥ ምንም ካልተነገረው ይልቅ የከበደ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በምስክር ፊት ቢነገር መልካም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በ2071ኛው አንቀጽ ከዚህ ይጠነክራል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢኾን፥ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢኾን እንኳ፥ ባለቤቱን በኀላፊነት ይጠይቀዋል።

ልጆቹም መማር አለባቸው። ውሻ ሲመጣባቸው እንዳይሮጡ፥ እንዳይጮኹ፥ ዐይን ለዐይን እንዳይመለከቱት፥ ነገር ግን እጃቸውን ወደ ታች አድርገው ዝም ብለው እንዲቆሙ፥ ከዚያም ቀስ እያሉ ወደ ኋላ እንዲርቁ ይነገራቸው። ከጣላቸው ተጠቅልለው አንገታቸውንና ጆሯቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ። የታሰረን ውሻ በድንጋይ መደብደብ ጨዋታ የሚመስላቸው ልጆች ብዙዎች ናቸው፤ ያን ውሻ ለሚቀጥለው መንገደኛ የሚያከፉት እነርሱ ናቸው።

ከኹሉ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን ከቶ አይገኝም ቢባል ይቀላል፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከንክሻው በኋላ በኹለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ነው የሚታየው። ድንጋይ ወርውሮ የተነከሰ ልጅ እንዳይገረፍ ፈርቶ ቊስሉን ይደብቃል፤ ስለዚህ የነገረ ልጅ እንደማይቀጣ መምህሩ አስቀድሞ ያሳውቅ። ንክሻው ትንሽ ቢኾን፥ የተላጠ ቈዳ መላስም ቢኾን፥ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ በዚያውም ቀን ልጁ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጠበል መጠመቅ ክትባቱን አያስቀርም፤ ክትባቱም ጠበሉን አይከለክልም። ውሻው ያላበደ ከመሰለና ያለ አደጋ ሊያዝ ከተቻለ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሳይታመም ከቈየ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ኾኖም የልጁ ክትባት ይህን በመጠበቅ አይዘግይ።