ፊደል መቁጠርና ቀለም መቁጠር፤ የግጥም ምጣኔ፣ ቤትና ድግግሞሽ አተናተን

በግጥም ትምህርት ጊዜ በተደጋጋሚ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም የስንኝን ርዝመት በፊደል ብዛት መለካት ነው። የአማርኛ ግጥም የሚመጠነው ግን በዓይን በሚታየው ፊደል ሳይሆን በጆሮ በሚሰማው ቀለም ነው። ይህ ልዩነት በተለይ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማሩ፣ ለምሳሌ በወላይታ ዞን በኦፋ ወረዳ በገሱባ ለሚገኙ ልጆች፣ በሚገባ ሊብራራ ይገባል።

ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጁትን ሁለት ስንኞች እንመልከት፤

ዘር ዘራች ገሱባ / ዝናብ ባየች ጊዜ፤
ዘር ዘራች ገሱባ / ሳይይዛት ትካዜ።

ምጣኔ፦ እያንዳንዱ ሐረግ 8 ፊደላት አሉት፤ ሲነበብ ግን የሚሰማው 6 ቀለም ነው። ምክንያቱም ሳድስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ራሱን ችሎ ቀለም ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ ያለ አናባቢ ከበፊቱ ፊደል ጋር ተዳብሎ ይነበባል። «ዝናብ» በሚለው ቃል «ዝ» ራሱን የቻለ ቀለም ሲሆን «ብ» በ«ናብ» ውስጥ ይጠቃለላል። «ሳይይዛት ትካዜ» ደግሞ «ሳይ-ይ-ዛት-ት-ካ-ዜ» ተብሎ ይከፈላል፤ ጎን ለጎን ከቆሙት ሁለት «ይ»ዎች ፊተኛው ይዋጣል፣ ኋለኛው ይቆጠራል። ስንኙ በመካከሉ ዕረፍት ያለው 6 ሲደመር 6፣ በድምሩ 12 ቀለም በመሆኑ የወል ቤት ይባላል። 5 ሲደመር 5 የሆነው ሰንጎ መገን ነው።

ቤት፦ ሁለቱ ስንኞች በ«ዜ» ስለሚያበቁ ቤት ይመታሉ። ሁለተኛው በ«ሬ» ቢያበቃ ኖሮ አናባቢው ቢስማማም ተነባቢው ስለሚለይ ቤቱ ይሰበር ነበር።

ድግግሞሽ፦ መምህሩ «የመጀመሪያው ሐረግ ተደግሟል» ብሎ ማቆም የለበትም። ድጋሚው ምን አዲስ ነገር እንዳስከተለ ይጠይቅ። ፊተኛው ስንኝ የመዝራቱን ጊዜ ሲናገር ኋለኛው የዘሪዋን ልብ ይገልጻል። የ«ዘ» ድምፅ መመላለስም ሁለቱን ስንኞች ያስተሳስራል።

የወላይታ ቋንቋ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚህ አጻጻፍ የሚጠብቅ ተነባቢና የሚረዝም አናባቢ ፊደሉ ተደርቦ ይታያል። የአማርኛ አጻጻፍ ግን መጥበቅንም ሆነ የሳድስን መዋጥ አያመለክትም። ስለዚህ የሰማውን ተጽፎ ማየት የለመደ ልጅ ስምንቱን ፊደል ስምንት ቀለም አድርጎ ቢቆጥር ስሕተቱ የማስተዋል ጉድለት ሳይሆን ከሁለቱ የአጻጻፍ ሥርዓቶች ልዩነት የመጣ ሊሆን ይችላል። በቀይ ቀለም ተሰርዞ ብቻ የሚመለስለት ልጅ ግጥም ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ይቆጥራል።

በመሆኑም ስንኙ አስቀድሞ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ተማሪዎች በየቀለሙ እያጨበጨቡ ይቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉን ይመልከቱ። የመማሪያ መጻሕፍትና የፈተና አዘጋጆችም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የቀለሙን አከፋፈል ይጠይቁ። በወላይታ ቋንቋ የሚነገረውን ግጥም ግን በወል ቤት ሚዛን መመዘን ተገቢ አይደለም፤ መጀመሪያ በገዛ ቋንቋው ምት መደመጥ አለበት። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ግጥም ያነባል፤ ግጥምን የሚያጣጥመው ግን ጆሮውን ያሠለጠነ ነው።