ችግኝ የሚሞተው በበጋ ነው

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ወሬው ሁሉ ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ ነበር። በከሚሴ ዙሪያ ባለው የጨፋ ሸለቆ ግን የችግኝ ፈተና የሚጀምረው ኅዳር ላይ ነው። ክረምቱ በመስከረም ይወጣል፤ በልጉ፣ ያውም ከመጣ፣ የካቲት ነው። በዚያ ላይ የቦርከና ወንዝ ረግረግ ሣር ስላለው የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት በበጋ ወደ ሸለቆው ይመጣል። ስለ እሾህ አጥር ለጨፋ ሰው መንገር ድፍረት ነው። የችግኙን ፕላስቲክ ሳይቀድዱ የሚተክሉትን ደግሞ አላህ ይምራቸው፤ ሥሩ እዚያው ተጠምጥሞ ይቀራል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የውኃ አጠጣጡ ነው። ከሚሴ ውስጥ አንድ አባት ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ከማንጎ ችግኛቸው ሥር ይቀመጣሉ። «አባባ፣ ይበቃዋል?» አልኳቸው። «አብሽር ልጄ! በቀን አምስት ጊዜ የሚጠጣ ዛፍ የት አለ?» ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ማንጎው ግን ቅጠሉ ጠውልጓል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሥር እርጥበት ወዳለበት ይሄዳል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ካጠጡት ውኃው ከላይ ጣት በማይሞላ አፈር ላይ ይቀራል፣ ሥሩም እዚያው ይሰበሰባል፤ የጨፋ ፀሐይ ያንን አፈር በግማሽ ቀን ያደርቀዋል። በሳምንት አንዴ፣ ግን ጠልቆ እስኪርስ ያጠጡት ችግኝ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። በባልዲ መድፋትም መላ አይደለም። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የተደፋው ውኃ በስንጥቁ ሾልኮ ይሄዳል፣ ስንጥቁም ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሰዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ዙሪያውን ኮትኩቶ ስንጥቁን መድፈን ነው። ከዚያ ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ከታች በምስማር በስቶ ችግኙ አጠገብ ማስቀመጥ፤ ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ይሰርጋል። የውዱኡን ውኃ በሳፋ አጠራቅሞ እዚያው መጨመር ይቻላል፤ አባባም በዚህ ተስማምተዋል፣ የተበሳ ጀሪካን ግን ብክነት መስሏቸው ትንሽ አጉረምርመዋል።

ላዩን ገለባ ማልበስ እርጥበቱን ያቆያል። ግንዱን ግን እንዳይነካ፤ ምስጥ በዚያ ይወጣል።

በሁለተኛው ዓመት ጀሪካኑ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ሥሩ ወደዚያ ሄዷልና።