በመድኃኒት ፅንስ ከተቋረጠ በኋላ በቤት ውስጥ የሚደረግ ክትትል



በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በዘረዘራቸው ምክንያቶች፣ ለምሳሌ እርግዝናው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤንነት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሲሆን፣ ፅንስን በጤና ድርጅት ማቋረጥ ይፈቀዳል። እርግዝናው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆነ ይህ በመድኃኒት ሊፈጸም ይችላል። በቅድሚያ ሚፌፕሪስቶን፣ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ደግሞ ሚሶፕሮስቶል ይወሰዳል። ደሙና ቁርጠቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቤት ውስጥ ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ ለክትትል ወደ ክሊኒክ መመለስ የግድ ባይሆንም፣ ክትትሉ ግን አይቀርም፤ የባልና የሚስት ሥራ ይሆናል ማለት ነው።

የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ሚሶፕሮስቶል ከተወሰደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቁርጠትና ከወር አበባ የበዛ ደም ይመጣል። የረጋ ደምም ሊታይ ይችላል። በዚያን ዕለት ብርድ ብርድ ቢላት፣ ቢያቅለሸልሻት ወይም ቢያስቀምጣት አትደንግጡ። ከዚያ በኋላ ደሙ እየቀነሰ 2 ሳምንት ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ሳይዘገይ ወደ ጤና ድርጅት የሚያስኬዱ ምልክቶች

• በ1 ሰዓት ውስጥ 2 ትልልቅ ሞዴስ ከራሰና በሚቀጥለውም ሰዓት ይኸው ከተደገመ፤
• ትኩሳቱ ከ1 ቀን በላይ ከቆየ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ፤
• በማስታገሻ የማይበርድ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ፤
• ሚሶፕሮስቶል ከተወሰደ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ካልመጣ። ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ ሊሆን ይችላልና።

ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ልተኛ» ልትል ትችላለች። ስለዚህ ባል ሰዓት እያየ የተለወጠውን ሞዴስ ይቁጠር። የታክሲ ገንዘብና ልጆቹን የሚይዝ ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ። «ጎረቤት ምን ይላል» ብሎ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ያሳጣል። ለባለሙያው የተወሰደውን መድኃኒት በግልጽ ንገሩት፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ማለቁ በምን ይታወቃል?

ደም መምጣቱ ብቻ ማረጋገጫ አይደለም። ማቅለሽለሹና የጡት ሕመሙ ከቀረ ጥሩ ምልክት ነው። የተለመደው የሽንት ምርመራ ግን እርግዝናው ካበቃም በኋላ ለሳምንታት «አለ» ሊል ስለሚችል፣ ከ4 ሳምንት በኋላ ይደረግ። ያን ጊዜም «አለ» ካለ ወደ ክሊኒክ ኑ።

ቀጣዩ እርግዝና

ብዙ ባለትዳሮች የወር አበባ እስኪመለስ እርግዝና የማይመጣ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በ2 ሳምንት ውስጥ እንደገና ማርገዝ ይቻላል። ክኒን፣ መርፌና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ወዲያውኑ ሊጀመሩ ይችላሉ። ሉፕ የሚገባው ግን ማሕፀኑ ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የትኛው እንደሚስማማችሁ ሁለታችሁም ተመካከሩ፤ ጥያቄ ካላችሁም አብራችሁ መጥታችሁ አነጋግሩን።

ጤና ለቤተሰባችሁ!