አንድ ቅጂ፣ ሁለት አልበም

ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ ድምፃዊ ስቱዲዮ ሲገባ ሥራው በማን እጅ እንደሚያልፍና መልኩን የት ላይ እንደሚይዝ ለመመርመር፣ ጂጂ በሚል ስም የምትታወቀው እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 በፓልም ፒክቸርስ በኩል ያወጣችውና በዚሁ ስሟ የተጠራው አልበም ጥሩ ማሳያ ነው። በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች በተለመደው አሠራር ግጥሙን አንዱ፣ ዜማውን ሌላው ይደርስና፣ አቀናባሪው የትኛው መሣሪያ የት ላይ እንደሚገባ ወስኖ አብዛኛውን ጊዜ በኪቦርድ ራሱ ከተጫወተው በኋላ፣ ድምፃዊው በመጨረሻ መጥቶ ድምፁን ያስገባል፤ ድርሰቱ የራሱ የሆነ ድምፃዊ ግን አስቀድሞ በጆሮው የሚሰማው ዘፈን ስላለ ከአቀናባሪው ጋር የሚኖረው ድርድር የጠነከረ ይሆናል።

የጂጂን አልበም በፕሮዲውሰርነት የመራው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነበር። ፕሮዲውሰር ሲባል እዚህ ላይ በኢትዮጵያ የካሴት ገበያ ተለምዶ እንደነበረው ገንዘቡን አውጥቶ ሥራውን የሚያሳትመው ነጋዴ ሳይሆን፣ ተጫዋቾችን የሚመርጠውና የአልበሙን አጠቃላይ ድምፅ የሚቀርጸው ባለሙያ ነው። ላስዌል ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ሊቃውንትን ያሳተፈ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲበዛ ባለቤቱን ከቤቱ ሊያስወጣ ይችላል፤ «ዓባይ»ንና «አድዋ»ን በመሰሉት ዘፈኖች ግን የጂጂ ድምፅ ከፊት ሆኖ ግጥሙን ይዞ ይሄዳል።

ይህ የሚወሰነው በሚክሲንግ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያና ድምፅ ትራክ በሚባል የየራሱ መስመር ላይ ለብቻው ስለሚቀረጽ፣ ሚክስ የሚያደርገው ሰው አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ማድረግ፣ ካሻውም ጨርሶ ማጥፋት ይችላል። በአማርኛ ዘፈን ላይ ይህ ሥራ የራሱ ጣጣ አለው፤ ኮምፕሬሰር የሚባለው፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርበው መሣሪያ በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ እንዲይዝ ከተደረገ የጠ፣ የቀ፣ የጨና የጸ ፍንዳታ ይደነዝዝና ቃሉ ጥርሱን ያጣል፤ ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ እንዲይዝ ሲደረግ ግን ተነባቢው አስቀድሞ ስለሚያልፍ ግጥሙ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፁ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የተሰማ የሚያስመስለው ማስተጋቢያ፣ ሲረዝምም በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላና የሚጠብቀውን ከሚላላው መለየት ያስቸግራል፤ ድምፅ ለማሳመር ተብሎ ይህን መሣሪያ ያለ ልክ የመጨመር ልማድ ብዙ ጥሩ ግጥም አበላሽቷል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ላስዌል ወደዚያው ቅጂ ተመልሶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የተሰኘውን ሌላ አልበም አወጣ። የተከተለው ዘዴ ደብ ይባላል፤ ኪንግ ተቢና ሊ ፔሪን የመሰሉ የጃማይካ ባለሙያዎች ያዳበሩት ይህ ስልት የሚክሲንግ ጠረጴዛውን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ቆጥሮ፣ ቤዙንና ከበሮውን ወደፊት እያመጣ፣ ዘፈኑን እየቆራረጠ በማስተጋቢያ ይበትነዋል። በዚህ አልበም ላይ የጂጂ ድምፅ ብቅ እያለ የሚጠፋ ቀለም ሆኗል። አማርኛ ለማይሰማ አድማጭ ኪሳራው ትንሽ ነው፣ እንዲያውም በሙዚቃነቱ ብቻ ለመዘነው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊበልጥበት ይችላል፤ ግጥሙን ለሚከተል ሰው ግን ይህ ከጂጂ ይልቅ የላስዌል ሥራ ነው።

ሁለተኛው አልበም ሊሠራ የቻለው የየትራኩ ቅጂ ተለይቶ ስለተቀመጠ ነው። በመሆኑም የራሱን ግጥምና ዜማ የሚዘፍን ድምፃዊ ከስቱዲዮ ሲወጣ ያለቀለትን ዘፈን ብቻ ይዞ ከመሄድ ይልቅ የእያንዳንዱን ትራክ ቅጂ ሊረከብ፣ ያን ቅጂ ዳግም ሚክስ የማድረግ መብት የማን እንደሆነም ገና ድምፁን ሳያስገባ በውሉ ላይ ሊያጽፍ ይገባል።