ለነባር ሞኒተር የሚስማማ ማገናኛ ስለ መምረጥ

በአዳማ (ናዝሬት) ከተማ፣ እንዲሁም በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በሚገኙ ብዙ የንግድ ቤቶች የሒሳብ ሥራ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የኮምፒዩተሩ ዕድሜና የሞኒተሩ ዕድሜ እኩል አይደለም። ኮምፒዩተሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ በሌላ ይተካል፤ ሞኒተሩ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ስለዚህ አዲሱ ኮምፒዩተር ተገዝቶ በመጣበት ቀን ብዙ ጊዜ አንድ ያልታሰበ እንቅፋት ይገጥማል፤ ይኸውም የኮምፒዩተሩ ቀዳዳና የሞኒተሩ ገመድ አልጋጠም ማለታቸው ነው።

በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ አዲስ ሞኒተር መግዛት፣ ወይ ሁለቱን የሚያስማማ ማገናኛ መፈለግ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው ምን ያህል እንደ ናረ ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ በደኅና የሚሠራ ሞኒተር እያለ ሌላ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ዓይነት ነው። ሆኖም ማገናኛው ራሱ በስሕተት ከተመረጠ የገዥው ገንዘብ ይባክናል፤ የሻጩ ስም ይጎድፋል፤ አስመጪውም የማይሸጥ ካርቶን ታቅፎ ይቀራል። መልካቸው የሚመሳሰል፣ ሥራቸው ግን የተለያየ ማገናኛዎች በገበያ ስለሚገኙ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይጠቅማል።

የቀዳዳዎቹ ዓይነትና አመጣጥ

ከሁሉ የቆየው ቪጂኤ የሚባለው ነው። ይህን አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1979 ዓ.ም. (በ1987 እ.ኤ.አ.) አወጣው። በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ፒኖችና በግራና በቀኝ ሁለት ማጥበቂያ ብሎኖች አሉት፤ ብዙ ጊዜም ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ቪጂኤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞችን እያንዳንዳቸውን ከፍ ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ያስተላልፋል፤ ይህም አናሎግ ይባላል። ድምፅ ግን አያስተላልፍም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዲጂታል ናቸው፤ ማለት ምስሉን በቁጥር ለውጠው ያስተላልፋሉ። ዲቪአይ በ1991 ዓ.ም.፣ ኤችዲኤምአይ በ1995 ዓ.ም.፣ ዲስፕሌይ ፖርት ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ወጡ። ኤችዲኤምአይ ከታች በኩል ሁለቱም ማዕዘኖቹ ገባ ያሉ ናቸው፤ ዲስፕሌይ ፖርት ግን የተቆረጠው አንድ ማዕዘኑ ብቻ ነው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የሚታየው ትንሹና ሞላላው ቀዳዳ ዩኤስቢ ታይፕ ሲ ይባላል።

በ2003 ዓ.ም. (በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ) ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ ዴል፣ ሌኖቮ፣ ሳምሰንግና ኤልጂ ቪጂኤን ቀስ በቀስ ለመተው ማሰባቸውንና ኢንቴልና ኤኤምዲ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከሥራቸው እንደሚያወጡት አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች የቪጂኤ ቀዳዳ የሌላቸው በዚህ ምክንያት ነው። በንግድ ቤቶችና በትምህርት ቤቶች የሚገኙት ነባር ሞኒተሮች ግን ብዙዎቹ ከቪጂኤ በቀር ሌላ ቀዳዳ የላቸውም። የችግሩ መነሻም ይኸው ነው።

ምስሉ ከየት ወደ የት ይሄዳል?

ማገናኛ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባ ነገር አቅጣጫውን ነው። ውሃ በቦይ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ እንደማይፈስ ሁሉ፣ ምስልም ከኮምፒዩተር ወደ ሞኒተር ብቻ ይሄዳል። አዲሱ ኮምፒዩተር ኤችዲኤምአይ፣ ነባሩ ሞኒተር ቪጂኤ ከሆነ የሚያስፈልገው «ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ» የሚለውጠው ነው። «ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ» የሚለው ለአሮጌ ኮምፒዩተርና ለአዲስ ቴሌቪዥን የተሠራ ሌላ ዕቃ ነው። ሁለቱ በመደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንደ መንትያ ቢመስሉም አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ማገናኛው በውስጡ የሚለውጥ መሣሪያ ያለው መሆኑ ነው። ዲጂታልን ወደ አናሎግ ለመለወጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ቺፕ ያስፈልጋል። በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ጫፉ ቪጂኤ ሆኖ በመካከሉ ቺፕ የሌለው ተራ ገመድ ዋጋው ቢረክስም በተለመደው ኮምፒዩተርና ሞኒተር መካከል ምስል አያሳይም። ገዥው ኮምፒዩተሬ ተበላሸ ብሎ ሲጨነቅ ጥፋቱ የገመዱ ሆኖ ይገኛል።

ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የሚስማማው

1ኛ/ ኮምፒዩተሩ ኤችዲኤምአይ ካለው፤ ቺፕ ያለበት ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ማገናኛ ይበቃል።

2ኛ/ ዲስፕሌይ ፖርት ካለው፤ እንዲሁ ቺፕ ያለበት ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ይፈለጋል። ለጽሕፈት ቤት ተብለው በተሠሩ የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ ኤችዲኤምአይ ነው ብሎ እንዳይሳሳቱ ማዕዘኑን ማየት ያስፈልጋል።

3ኛ/ ዲቪአይ ካለው፤ ቀዳዳውን ልብ ብሎ መመልከት ይገባል። በጠፍጣፋው ስንጥቅ ዙሪያ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉት አናሎጉንም አብሮ ስለሚያስተላልፍ ቺፕ የሌለው ርካሽ ማገናኛ ይበቃዋል። አራቱ ቀዳዳዎች ከሌሉት ግን ዲጂታል ብቻ ነውና ቺፕ ያለበት ያስፈልገዋል።

4ኛ/ ዩኤስቢ ታይፕ ሲ ብቻ ካለው፤ ጥንቃቄው ይበልጣል። ይህ ቀዳዳ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ ምስል አያወጣም፤ አንዳንዱ ለቻርጅና ለፋይል ማስተላለፊያ ብቻ የተሠራ ነው። ከቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይ ፖርት ወይም የመብረቅ ምልክት መኖሩን ማየት፣ ምልክት ከሌለም የኮምፒዩተሩን መግለጫ ማንበብ ይገባል።

ሞኒተሩ ዲቪአይ ያለው ሆኖ ኮምፒዩተሩ ኤችዲኤምአይ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀላል። ሁለቱም ዲጂታል በመሆናቸው ቺፕ የሌለው ገመድ ያገናኛቸዋል፤ ምስሉም ከቪጂኤ ይልቅ የጠራ ይሆናል። ስለዚህ ሞኒተሩ ሁለቱም ቀዳዳዎች ካሉት ዲቪአዩን ማስቀደም ይሻላል።

ስለ ኃይል፣ ስለ ድምፅና ስለ ምስል ስፋት

ቺፑ ለመሥራት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ኤችዲኤምአይ በደንቡ መሠረት እንዲሰጥ የሚገደደው ኃይል 5 ቮልትና 55 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ማገናኛ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ በሌላው ላይ ምስሉ ሊጠፋና ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በጎኑ የዩኤስቢ ኃይል መቀበያ ያለው ማገናኛ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም አስተማማኝ ነው።

ቪጂኤ ድምፅ ስለማያስተላልፍ ድምፅ የሚፈልግ ገዥ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለበትን ማገናኛ ይምረጥ። ለሒሳብና ለጽሕፈት ሥራ ይህ አያስፈልግም።

የምስሉ ስፋት ደግሞ ከሞኒተሩ አቅም ጋር መስማማት አለበት። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች የሚገኘው ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋው ባለ 19 ኢንች ሞኒተር ልኩ 1280 በ1024 ነው፤ አዲሱ ኮምፒዩተር ግን 1920 በ1080 ሊልክበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ሞኒተሩ ከአቅሙ በላይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያሳያል፤ ወይም ፊደሉ ተወጥሮና ደብዝዞ ይታያል። ይህ የማገናኛው ጉድለት አይደለም። በኮምፒዩተሩ የስክሪን ማስተካከያ ገብቶ ልኩን ወደ ሞኒተሩ አቅም፣ ፍጥነቱንም ወደ 60 ኸርዝ ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ምስሉ አንድ ቀለም ካጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚመረመረው የቪጂኤው ገመድ ነው። ሰማያዊው ፒን ከታጠፈ ወይም ካልነካ ምስሉ ቢጫ ይሆናል፤ አረንጓዴው ከጎደለ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ጉድለት በማገናኛው ላይ እያላከኩ ሁለትና ሦስት ጊዜ መለዋወጥ ለሻጭም ለገዥም ድካም ነው።

ለአስመጪዎች የሚጠቅም ማስገንዘቢያ

አስመጪው ለውጭ አገር አቅራቢ ሲጽፍ «የኤችዲኤምአይና የቪጂኤ ማገናኛ» ብሎ ማዘዝ አይበቃውም። ምስሉ የሚገባበት የትኛው፣ የሚወጣበት የትኛው እንደ ሆነ፣ ቺፕ እንዳለውና እንደሌለው፣ የኃይልና የድምፅ ቀዳዳ ይኖረው እንደ ሆነ፣ ጫፉ ወንዴ ወይም ሴቴ መሆኑን በትዕዛዙ ላይ ለይቶ መጻፍ አለበት። አዳፕተር የሚለው ስም ለኤሌክትሪክ ሶኬት ማገናኛም ስለሚውል በስሙ ብቻ መተማመን አያስፈልግም።

ከዚህም ጋር ብዙ ከማዘዝ በፊት ናሙና አስመጥቶ በተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ መሞከር ብልኅነት ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ፣ ቀረጡም ከተከፈለ በኋላ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ሆኖ ቢገኝ መልሶ መላኩ ከዕቃው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ለባለሱቆች የሚጠቅም ማስገንዘቢያ

ገዥ ወደ ሱቅ ሲመጣ ሦስት ነገር ቢጠየቅ ስሕተቱ እጅግ ይቀንሳል፤ የኮምፒዩተሩ ቀዳዳ ምን ዓይነት ነው? የሞኒተሩስ? ድምፅ ይፈለጋል ወይስ አይፈለግም? ገዥው ስሙን የማያውቅ ከሆነ የሁለቱንም ቀዳዳ ፎቶግራፍ በስልኩ አንሥቶ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ለምሳሌ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚልክ ነጋዴ ለአንድ ማገናኛ ብሎ ወደ አዳማ መጥቶ የማይሆነውን ይዞ ቢመለስ የመጓጓዣውና የባከነው ቀን ኪሣራ ከማገናኛው ዋጋ ይበልጥበታል። በሱቁ ውስጥ አንድ ነባር ሞኒተር አቁሞ ማገናኛውን በገዥው ፊት ሞክሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ግን ያንን ደንበኛ ለሌላም ዕቃ መልሶ ያገኘዋል።

ማገናኛ የማያዋጣበት ጊዜ

ነባር ነገር ሁሉ ሊጠበቅ ይገባዋል ማለት አይደለም። ጀርባው ረጅም የሆነው የብርጭቆ ቱቦ ሞኒተር ከጠፍጣፋው ይልቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ በመስተዋቱም ውስጥ እርሳስ ስላለበት ሰብሮ ሜዳ ላይ መጣል ጉዳት አለው። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳ ብቻ ያለውን አሮጌ ቴሌቪዥንም በማገናኛ ከኮምፒዩተር ጋር ማያያዝ ቢቻልም ፊደሉና ቁጥሩ ስለሚደበዝዝ ለሒሳብ ሥራ አይሆንም። ለእነዚህ ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ ያገለገለ ጠፍጣፋ ሞኒተር መፈለግ ይሻላል።

በጠቅላላው ሲታይ ጠፍጣፋ፣ ምስሉ የጠራና ልኩ ለሥራው የሚበቃ ሞኒተር ያለው የንግድ ቤት በትክክል በተመረጠ አንድ አነስተኛ ማገናኛ ዕቃውን ለብዙ ዓመታት ሊጠቀምበት ይችላል። አቅጣጫውን፣ ቺፑን፣ ኃይሉንና የምስሉን ልክ አስቀድሞ የለየ ገዥ ሁለተኛ ወጪ አያገኘውም፤ እነዚህኑ ለይቶ የሚያስረዳ ሻጭም ዕቃው ተመልሶ አይመጣበትም።