«የማይቋረጥ» ወይስ «ማቆያ»፦ የአንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አተካከልና ስያሜ

1. መነሻ

በ2015 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ ቡሹሎ ለጥቂት ሳምንታት ተቀምጠን በሐይቁ የሚያሰግሩ ሰዎች ስለ ታንኳ፣ ስለ መረብ፣ ስለ መንጠቆና ስለ ዓሣ ዐይነቶች የሚገለገሉባቸውን ቃላት እንሰበስብ ነበር። ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ለሁሉም የታወቁ ስሞች ቢሆኑም፣ ስለ ዓሣው ዕድሜ፣ ስለ ውሃው ጠባይና ስለ መረቡ አጣጣል የሚነገሩት ቃላት ግን በአብዛኛው በመዝገበ ቃላት ያልገቡ ናቸው። የተሰበሰበውን ቃል በኮምፒዩተር የምትጽፍልን አንዲት ወጣት ነበረች፤ አፏን የፈታችው በሲዳሙ አፎ ሲሆን አማርኛን የተማረችው በትምህርት ቤት ነው።

ከኮምፒዩተሩ ጎን በተለምዶ «ዩፒኤስ» የሚባለው መሣሪያ ተቀምጦ ነበር። መሣሪያው ሲተከል የአጠቃቀም መመሪያውን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስነው እኛው ነን። በወረቀቱ አናት ላይ በትልልቁ «የማይቋረጥ ኃይል ሰጪ» ብለን ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። መሣሪያው ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ የኮምፒዩተሩ ገጽ ግን እንደ በራ ስለ ቀጠለ ልጅቱ ሥራዋን ቀጠለች። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሁሉም ጨለመ። መብራት ሲመለስ የቃላቱ መዝገብ ተበላሽቶ አልከፈት አለ። ቅጂ ስላልነበረው አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ በሦስት ቀን ያጫወቱን ቃላት አብረው ጠፉ፤ ኋላም ተመልሰን ልንለቅማቸው የቻልነው ከፊሎቹን ብቻ ነው።

ለምን ጽሑፉን አስቀምጣ ኮምፒዩተሩን እንዳልዘጋችው ብንጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ ‹የማይቋረጥ› ይላል» ስትል መለሰችልን። ልክ ነበረች። መሣሪያው የተሠራበትን ተግባር በሚገባ ፈጽሟል፤ የተሳሳተው ስያሜው፣ ማለትም እኛ ነን። ይህ አጭር ጽሑፍ የመሣሪያውን ጠባይና አተካከል በመግለጽ፣ በዚያውም ለተርጓሚ ወጥመድ የሚሆኑትን ቃላት በመጠቆም፣ አንድ የተሻለ ስያሜ ለውይይት ያቀርባል።

2. የመሣሪያው ጠባይ

የመሣሪያው የእንግሊዝኛ ስም «አንኢንተራፕቲብል ፓወር ሰፕላይ» ሲሆን «ዩፒኤስ» የዚሁ ምኅጻር ነው። በውስጡ ባትሪ፣ ባትሪውን የሚሞላ ክፍል፣ የባትሪውን ቀጥተኛ ጅረት ወደ ተለዋጭ ጅረት የሚመልስ ክፍልና ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው የሚያዛውር መቀየሪያ ይገኛሉ።

የመሣሪያውን ዐይነቶች ለመለየት ሕዝቡ ስለ ኤሌክትሪክ የሚናገርባቸውን ግሦች ማስተዋል ይጠቅማል። በአገራችን ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ የታወቀው በብርሃኑ ስለ ሆነ ጠቅላላው ነገር «መብራት» ተብሎ ቀርቷል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመውም ድርጅት የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ነበር። ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከተባለ በኋላም ተገልጋዩ «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም። ይኸው ተናጋሪ ግን በግሥ አጠቃቀሙ እጅግ ጠንቃቃ ነው። «መብራት ጠፋ» ሲል በአካባቢው በሙሉ መሄዱን፣ «መብራት ተቆረጠ» ሲል በሰው እጅ፣ ምናልባትም ባልተከፈለ ሒሳብ ምክንያት መለየቱን፣ «ተቆራረጠ» ሲል ደጋግሞ መሄድ መምጣቱን፣ «ዋዠቀ» ሲል ደግሞ ሳይጠፋ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያመለክታል።

መሣሪያዎቹም በዚሁ መጠን ይለያያሉ። አንደኛውና ርካሹ ዐይነት መብራት ሲጠፋ ብቻ ወደ ባትሪ የሚዛወር ነው፤ ዝውውሩም በጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚፈጸም ኮምፒዩተሩ አያውቀውም። ሁለተኛው መብራቱ ሲዋዥቅ ባትሪውን ሳይነካ ቮልቱን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያስተካክላል። ሦስተኛው የመጣውን ጅረት ሁልጊዜ ወደ ቀጥተኛ ለውጦ እንደ ገና ወደ ተለዋጭ ስለሚመልሰው በውጪ የሚሆነው ነገር ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ አይደርስም፤ ዝውውርም የለውም። የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ይባል እንጂ መብራቱ በሚዋዥቅበት ሠፈር የመጀመሪያው ዐይነት ባትሪውን ያለ ዕረፍት ስለሚያመላልሰው ቶሎ ይጨርሰዋል።

የመጀመሪያው ወጥመድ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ አንደኛው ዐይነት «ኦፍላይን»፣ ሦስተኛው «ኦንላይን» ይባላሉ። እነዚህን «ከመስመር ውጭ» እና «በመስመር ላይ» ብሎ መተርጐም በዛሬው አንባቢ ዘንድ የኢንተርኔት ግንኙነትን ያስታውሳል። ስለዚህ ተግባራቸውን ይዘን «ተጠባባቂ»፣ «አስተካካይ» እና «ዘወትራዊ» ብንላቸው ይሻላል እንላለን።

3. አተካከሉና የተርጓሚው ወጥመዶች

ሀ. መጠን መምረጥ። በመሣሪያው ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቍጥር ቮልት-አምፔር እንጂ ዋት አይደለም። ለምሳሌ 650 ቮልት-አምፔር የተባለ ትንሽ መሣሪያ፣ «ፓወር ፋክተር» የሚባለው ንጽጽሩ 0.6 ከሆነ፣ የሚችለው 390 ዋት ብቻ ነው። ሁለቱንም «አቅም» ብሎ የመለሰ ተርጓሚ ገዢው ከአቅም በላይ እንዲጭን ያደርጋል። «ፋክተር» የሚለውንም «ምክንያት» ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ምክንያት ያልሆነ ነገር ምክንያት ተብሎ ይቀራል።

ለ. ቦታ መምረጥ። የባትሪው ተስማሚ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከዚህ በላይ በየ10 ዲግሪው የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት ሥር ወይም ግድግዳ ተጠግቶ አየር በማያገኝበት ሥፍራ አይቀመጥም። አምራቾች በመመሪያቸው ስለ ከፍታ የሚጽፉት አንድ ዐረፍተ ነገር ደግሞ በብዙ ትርጉም ተዘልሎ እናገኘዋለን፤ ሐሳቡም መሣሪያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ሲሠራ አየሩ ሳስቶ ማቀዝቀዙ ስለሚቀንስ ጭነቱም እንዲቀነስ ነው። ሐዋሳ ወደ 1700 ሜትር፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላቸው፣ ለሌላው አገር አንባቢ ትርፍ የሚመስለው ይህ ዐረፍተ ነገር ለእኛ ዋነኛው ነው።

ሐ. ማገናኘት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፋብሪካ የሚወጡት የባትሪው አንድ ሽቦ ተነቅሎ ስለ ሆነ በመጀመሪያ እሱ በመመሪያው መሠረት ይገጠማል። ከዚያም ስፒናው የመሬት ሽቦ ባለው ሶኬት ይሰካል። በተለምዶ «ዲቫይደር» በሚባለው ማከፋፈያ ላይ መሰካት አይገባም። ከጀርባው ካሉት ሶኬቶች ከፊሎቹ በባትሪ የሚደገፉ፣ ከፊሎቹ ከቮልት ግፊት ብቻ የሚጠብቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ ኮምፒዩተሩና ገጹ በመጀመሪያዎቹ ይሰካሉ። የሌዘር ማተሚያ ማሞቂያው በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በባትሪው በኩል ፈጽሞ አይሰካም። እዚህ ላይ «ጭነት» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይሻል፤ «ከባድ ጭነት አይደረግበት» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው ዕቃ አትቆልሉበት የተባለ መስሎት ማተሚያውን ያለ ሥጋት ሊሰካ ይችላል። «ብዙ ኃይል የሚስብ መሣሪያ አይሰካበት» ማለት ይገባል።

መ. መሙላትና መፈተን። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው መመሪያው እንደሚያዘው፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት ሰዓት ያህል፣ ይሞላል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ የማያሳስብ ሥራ እየሠራ ሳለ መብራት እንደ ጠፋ ተደርጎ ይፈተናል። ለዚህ ስፒናውን መንቀል አይመከርም፤ የመሬት ሽቦውም አብሮ ይለያልና። የሶኬቱን ማብሪያ ማጥፊያ ወይም የቤቱን ማቋረጫ ማጥፋት ይሻላል።

ሠ. ማሰናዳት። መሣሪያው በመረጃ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይገናኝና ባትሪው ሊያልቅ የተወሰኑ ደቂቃዎች ሲቀሩት ኮምፒዩተሩ ጽሑፉን አስቀምጦ በራሱ እንዲዘጋ ይታዘዛል። ጄኔሬተር ባለበት ሥፍራ ደግሞ የመሣሪያው ንቃት ዝቅ ይደረጋል፤ አለዚያ የጄኔሬተሩን ያልተረጋጋ ጅረት እንደ ብልሽት ቆጥሮ ባትሪውን ሲያሟጥጥ ይቈያል። በቡሹሎ የተውነው ይህንን የመጨረሻውን ሥራ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲዘጋ ማሰናዳቱን ነበር። «የማይቋረጥ» ብለን ከጻፍን በኋላ ለመዘጋት መዘጋጀት ለእኛም አስፈላጊ ሳይመስለን ቀርቷል።

መሣሪያው ምን ያህል እንደሚቈይ በስሌት ማሳየት ይቻላል። በትንንሾቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 12 ቮልትና 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። 150 ዋት ቢሳብበት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቈይ ይመስላል፤ ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ በፍጥነት ሲሟጠጥ ያለውን ሁሉ ስለማይሰጥና በመለዋወጡም የሚባክን ስላለ በተግባር ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍ። ባትሪው ሦስት አራት ዓመት ሲያገለግል ይህም ያጥራል።

4. ስለ ስያሜው

«የማይቋረጥ» የተባለው አጠራር ከእንግሊዝኛው አንጻር ሲታይ ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ ያለው በአማርኛው ውስጥ ነው። የአማርኛ አሉታዊ የ«የማይ-» ቅጽ በቅጽልነት ሲገባ የጊዜ ወሰን የለውም። የማይደርቅ ምንጭ፣ የማይጠፋ እሳት፣ የማይሞት ስም ስንል ዘላለማዊነትን እንጂ ሩብ ሰዓትን አናስብም። እንግሊዝኛው ቃል ለባለ ሙያ የተቀረጸ ስለ ሆነ ወሰኑን ከሙያው ያገኛል፤ የእኛ አንባቢ ግን ቃሉን የሚፈታው በዕለት ንግግሩ ሚዛን ነው። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው ያደረገ አንባቢማ ቃሉን ከነፍቺው አምኖ ይቀበላል።

ሌላው የሚዘወተረው ቃል «መጠባበቂያ» ነው። ይህ ቃል ለነዳጅም፣ ለእህልም፣ ለገንዘብም፣ ለጽሑፍ ቅጂም ስለሚያገለግል ለአንድ መሣሪያ መለያ መሆን አይችልም። ከግእዙ «ኢ-» በመነሣት «ኢ-ተቋራጭ» እንበል የሚሉም አሉ፤ ሆኖም የዘላለማዊነቱ ጉድለት እንዳለ ሆኖ ቃሉን ከተጠቃሚው የባሰ ያርቀዋል።

በበኩላችን «የኃይል ማቆያ» የሚለውን እናቀርባለን። ምክንያታችንም ሦስት ነው። አንደኛ፣ «ቆየ» የሚለው ግሥ የጊዜ ወሰንን በውስጡ ይዟል፤ «አቆይልኝ» ያለ ሰው ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ማቆየቱም ማብቂያ እንዳለው ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛ፣ ቅርጹ ሕዝቡ ያለ ተቃውሞ ከተቀበላቸው የመሣሪያ ስሞች፣ ከማቀዝቀዣና ከድምፅ ማጉያ፣ ጋር አንድ ነው። «መቅረጸ ድምፅ» በአቀራረጹ የተዋጣ ቃል ሳለ አብዛኛው ሰው «ቴፕ» ማለቱን እንደ መረጠ እናስታውሳለን። ሦስተኛ፣ ከእሱ ሌሎች ስያሜዎች በቀላሉ ይራባሉ።

የሚነሣው ተቃውሞ አይጠፋንም። «ማቆያ» ለሕፃናትም፣ ለእስረኞችም፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በተለይ ለበሽተኞች መለያ ስፍራ ይነገራል። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ያለው የጋራ ፍቺ «ለጊዜው» የሚለው ስለ ሆነ ተቃውሞው ሐሳባችንን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ኃይልን ከማከማቸት ጋር ይምታታል የሚለው ይበልጥ ክብደት አለው፤ ለዚያ ግን «ማጠራቀሚያ» የሚለው ቃል ስላለ ልዩነቱን በብያኔ መጠበቅ ይቻላል። «ዩፒኤስ» የሚለውም በገበያና በባለ ሙያዎች አፍ የጸና ስለ ሆነ እንዲጠፋ አንሻም፤ በመመሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢጻፍ ይበቃል።

5. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

የኃይል ማቆያ (ዩፒኤስ)፦ መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተርን ለተወሰነ ደቂቃ በባትሪ የሚያሠራ መሣሪያ።
የማቆያ ጊዜ፦ በተሰጠ ጭነት ባትሪው እስኪያልቅ ያለው የደቂቃ ብዛት።
የመዛወሪያ ቅጽበት፦ ከመስመር ወደ ባትሪ ለመለወጥ የሚወስደው ጊዜ።
ተጠባባቂ ማቆያ፦ መብራት ሲጠፋ ብቻ ወደ ባትሪ የሚዛወር።
አስተካካይ ማቆያ፦ የሚዋዥቅ ቮልትንም የሚያርም።
ዘወትራዊ ማቆያ፦ ጅረቱን ሁልጊዜ ለውጦ የሚሰጥ፣ የመዛወሪያ ቅጽበት የሌለው።
የተሳበ ኃይል፦ የተሰኩት መሣሪያዎች በአንድነት የሚወስዱት ዋት፤ «ጭነት» ከማለት ይመረጣል።

በቡሹሎ ግድግዳ ላይ የነበረውን ወረቀት ገንጥለን በምትኩ «የኃይል ማቆያ፤ ድምፅ ሲያሰማ ጽሑፍዎን አስቀምጠው ይዝጉ» የሚል ለጥፈናል። ልጅቱ አንብባ፣ «አሁን ገባኝ፤ እስክዘጋ ነው የሚያቆየኝ» አለችን። ለስያሜው ብያኔ ስንጽፍ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። የሥነ ቃል ባለ ሙያዎችና ተርጓሚዎችም የበለጠ ቃል ካላቸው እንዲያቀርቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።